«ኦን» ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ስለ መባረሩ

ሐምሌ 19 ቀን 1974 ዓ.ም.
አዋሽ ሰባት ኪሎ

ለተከበሩ ጓድ ጥጋቡ
የቀበሌያችን የጽሑፍ መርማሪ ንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል እላለሁ። ይህ የሐምሌ ወበቅ ጉሮሮዎን እንዳያደርቀው፣ ቀዩ እስክሪብቶዎ ቀለም እንዳያልቅበት፣ እንቅልፍዎም ከመሳቢያ አልወጣ እንዳለው ማህተምዎ የከበደ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ያለችው ሻይ ቤቴም እንደሚያውቋት አለች፤ የእርስዎም ወንበር በጥላው በኩል እንደተቀመጠ ነው። ይህን ደብዳቤ በእጅዎ በመስጠት ፈንታ በጣቢያው ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት ንቄዎት አይደለም፤ መሳቢያዎ ውስጥ ገብቶ ከሌሎቹ ወረቀቶች ጋር እንዳይታፈን አዝኜለት ነው።

ጉዳዩ የእህቴ ልጅ የሱልጣና ነው። ከባቡር ወርዶ ለሚያነብ መንገደኛ እንዲገባው ልንገር፦ ሱልጣና እኔ ዘንድ እየኖረች አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ፣ አዲስ አበባ የሚገኝ አንድ የጤና ረዳቶች ማሠልጠኛ ለመግባት የምታመለክት ልጅ ናት። ማሠልጠኛው ማመልከቻው በእንግሊዝኛ፣ በአመልካቹ በራሱ እጅ እንዲጻፍና የቀበሌ ማህተም እንዲያርፍበት ይጠይቃል። የሚቀበለው እስከ ፊታችን ቅዳሜ ብቻ ነው፤ ዕድሜው ከሃያ አንድ ያለፈውንም አያስገባም። ሱልጣና መስከረም ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ይሞላታል። እንግዲህ ዘንድሮ ካመለጣት፣ የቀረ ዘመኗን በአሰብ መንገድ ወደ ዲቾቶ ለሚያልፍ ሹፌር ሁሉ ሻይ ስትቀዳ ልትኖር ነው።

ቅሬታዬን፣ ቅሬታ ማለት ድፍረት ካልሆነብኝ፣ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። አምና ሱልጣና «ኑሯችን የቆመው በእናቴ ላይ ነው» ለማለት ፈልጋ «ዲፔንድ» የሚለውን ግሥ ጻፈችና ከኋላው «ኦን» አስከተለች። ትምህርት ቤት ያስተማሯት እንደዚያ ነው፣ መዝገበ ቃላቱም የሚለው እንደዚያ ነው። እርስዎ ግን «ኦን»ን በቀይ ከበው፣ «የጥር ስምንቱን ውሳኔ ተመልከቺ» ብለው መለሱላት። ውሳኔውን ለማያውቅ መንገደኛ ቃል በቃል ልጥቀሰው፦ «‹ኦን› በአማርኛ ‹ላይ› ማለት ስለሆነ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተቀምጦ ይኖርበት የነበረውን የጭቆና ሥርዓት የሚያስታውስ በመሆኑ፣ ከቀበሌያችን በሚወጣ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከግሥ በኋላ እንዳይገባ፤ በምትኩ ‹ጋር› የሚል ትርጉም ያለውና የጓድነት መንፈስ የተላበሰው ‹ዊዝ› እንዲገባ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።» የቋንቋው ባለቤቶች ይህን ሁሉ ዘመን ሲጽፉ አንድ ቃል እንኳ እጅ አውጥተው አለመምረጣቸውን ሳስብ፣ በከተማዬ መኩራት ያምረኛል።

ልጅቱ ታዛዥ ናትና «ዊዝ» ብላ ጻፈች። እርስዎም በደስታ ማህተሙን ሲያሳርፉ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሻይ እስኪፈስ ድረስ ነበር። ከማሠልጠኛው የመጣው መልስ ግን አንድ መስመር ብቻ ሆነ፦ «አመልካቿ እንግሊዝኛቸውን ካሻሻሉ በኋላ እንደገና ይሞክሩ።» ስለ ትብብርዎ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ። ዘንድሮ «ኦን»ን መልሳ አስገባችው፤ እርስዎም መልሰው ከበቡት። እንግዲህ «ኦን» ካለች ማህተም የለም፣ «ዊዝ» ካለች ትምህርት የለም። ከእኛ በታች ባለው ገደል፣ በባቡሩ ድልድይ መካከል ቆሞ ከሁለቱም ጫፍ ባቡር የሚመጣበት ሰው ምን ያደርጋል? እርስዎ ምናልባት ስብሰባ ይጠሩ ይሆናል። እርሷ ግን ስብሰባ መጥራት አትችልም።

ሦስተኛ። ልጅቱ ሳምንት ሙሉ አስባ፣ «ኦን»ንም «ዊዝ»ንም የማይፈልጉ ግሦችን ብቻ ለቅማ አዲስ ደብዳቤ ጻፈች። በበኩሌ እንዲህ ያለ ንጹሕ ጽሑፍ አይቼ አላውቅም። ዘጠኝ ቀን ካስቀመጡት በኋላ «ከውሳኔው ለመሸሽ የተደረገ ሙከራ» የሚል ተጽፎበት ተመለሰ። ጸሐፊዎ ጓድ ስዩም ደግሞ «የመጣሁት ከሰርዶ ነው» በምትለው መስመር ውስጥ «ፍሮም» አገኙና፣ እኔው ቤት ተቀምጠው ሻያቸውን እያማሰሉ፣ «ይቺ ‹ከ› የምትል ቃል የመገንጠል ሽታ አላት» አሉ። ቀጥለውም ወደ እኔ ዞረው፣ «አቶ ከድሩ፣ ያስጀመርከን አንተው ነህ፤ እስቲ ይቺስ ምን ትመስልሃለች?» ብለው ጠየቁኝ። ብርጭቆ እያጠብኩ ስለነበር ውሃው ጆሮዬ ውስጥ የገባ አስመሰልኩ።

አራተኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ አይደለም። እህቴ ኑራ፣ የሱልጣና እናት፣ ሰርዶ ላይ ለሹፌሮች ምግብ እየሠራች ነው ይህችን ልጅ ያስተማረቻት። ከዚያ የሚመጣ መኪና ሁሉ የእርሷን ጥያቄ ሳይጭን አይመጣም። ባለፈው ሳምንት ሹፌሩ ጀማሉዲን ገና ከጋቢናው ሳይወርድ፣ «ከድሩ! እህትህ ‹ልጄን አደራ አልኩት እንጂ ለሻይ ቤቱ መያዣ ሰጠሁት እንዴ?› ብላሃለች!» እያለ ጮኸ። ደንበኛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሱልጣና ግን የሻይ ማቅረቢያ ሰኒውን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች።

እዚህ ላይ፣ ክቡር ሆይ፣ ዓመት ከመንፈቅ የደበቅሁትን እናገራለሁ። በዚያ በጥር ስምንት ቢሮዎ ሞቆ ስብሰባው እኔ ቤት ተደርጎ ነበር። እርስዎ «‹ዲፔንድ› ከኋላው ‹ኦን› የሚያስከትለው ለምንድነው?» ብለው ጠየቁ። እኔ እንግሊዝኛን የተማርኩት ከዱቄት ወተት ቆርቆሮ ላይና ባቡር ውስጥ ተረስቶ ከተገኘ ሽፋን የሌለው ግማሽ መጽሐፍ ነው፤ ምክንያቱን አላውቀውም፤ መጽሐፉም «ከግሡ ጋር አብራችሁ አጥኑት» ከማለት በቀር ምክንያት አልሰጠም። ስለዚህ ፊቴን አኮሳትሬ፣ «ኦን» ባላባት ነው፣ ሰው ላይ መውጣት ይወዳል፤ «ዊዝ» ግን ጓድ ነው አልኩ። ትስቃላችሁ ብዬ ጠበቅሁ። ማንም አልሳቀም። እርስዎ እስክሪብቶዎን አውጥተው «እስቲ ድገመው፣ ጓድ ከድሩ» አሉኝ። ከዚያ በፊት ጓድ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ደገምኩት። በቃለ ጉባኤው ላይም «የቋንቋ ባለሙያ» ተብዬ ተመዘገብኩ።

ቀልድ ነው ማለት የነበረብኝ ያን ቀን ነበር። በማግሥቱ ኮሚቴ ላይ ማላገጥ ሆነ፤ በወሩ ደግሞ ወንጀል። ስለዚህ ፈራሁ። ግን ፍርሃት ብቻ ነበር ብል እዋሻለሁ። ሱልጣና በምሳ ሰዓት ለደንበኛው ጋዜጣ ስታነብ፣ ስትሳለቅብኝ፣ ቤቴ ቤት ይመስላል። ደብዳቤዋ በተመለሰ ቁጥር አብሬያት አዝን ነበር፤ ከሐዘኔ ጀርባ ግን «እንግዲህ ዘንድሮም አለች» የሚል አንድ ከይሲ ሐሳብ ነበረኝ። ኑራ ከሰርዶ ሆና ያየችው ይህን ነው። እርስዎ ማህተሙን ሲቆልፉ፣ ቁልፉን የሠራሁት እኔ ነኝ።

በመሆኑም በታላቅ ትሕትና የምለምነው ይህን ነው። የጥር ስምንቱ ውሳኔ ይሰረዝ። ውሳኔ መሰረዝ የኮሚቴውን ክብር የሚነካ ከሆነ ውሳኔው በክብሩ ይቀመጥና፣ ቀልደኛው ይቀጣ፤ ቅዳሜ በስብሰባው ፊት ቆሜ ግለ ሂሴን አቀርባለሁ፣ ያሻችሁትንም እቀበላለሁ። ማህተሙ ግን ቅዳሜን መጠበቅ አይችልም። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ባቡር ሐሙስ ጠዋት ነው። ሱልጣና የመጀመሪያውን ደብዳቤዋን፣ «ኦን» በቦታው ያለበትን፣ ይዛ ማህተሙንና ከቀበሌው የሚሰጣትን የይለፍ ወረቀት እየጠበቀች ከጣቢያው በር ላይ ትቆማለች።

ከቀዩ እስክሪብቶዎ ጥላ ሥር የምኖር፣ የኮሚቴው ብቸኛ የቋንቋ ባለሙያ፣ ባለ ግማሽ መጽሐፉ ታዛዥዎ፣

ከድሩ፣ ባለ ሻይ ቤቱ

ግልባጭ፦
ለእህቴ ለኑራ፣ ሰርዶ። (ሹፌሩ ጀማሉዲን ያነብላታል፤ አራተኛውን ቁጥር እንዳይዘል።)

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ግንቦት እርስዎ «ልጄ፣ የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል» ብለው ለውጭ አገር ትምህርት የሚያመለክቱበትን ደብዳቤ ሱልጣናን አጽፈዋት ነበር። ልጅቱ ጥንቁቅ ናትና ከሥሩ የካርቦን ወረቀት አድርጋ ቅጂ አስቀርታ ነበር። እኔ ስቆጥረው «ኦን» አራት ጊዜ፣ «ፍሮም» ሦስት ጊዜ አለበት፤ የእርስዎም ማህተም ሁለት ጊዜ አርፎበት እንደሄደ በዓይኔ አይቻለሁ። ተቀባይነት እንዳገኘም ሰምተናልና እንኳን ደስ ያለዎት። ቅጂውን ከዚህ ደብዳቤ ጎን ልለጥፈው ስል ሱልጣና «አጎቴ፣ የሰው ደብዳቤ አደራ ነው» ብላ እጄን ያዘችኝ። ሐሙስ ከተሳፈረች አደራዋን እጠብቃለሁ። ሳትሳፈር ከቀረች ግን፣ ግድግዳው ሰፊ ነው፤ ሙጫም ተርፎኛል።