ክርና ኮፈን፦ የአቶ ነገሬ ወዬሳ የሕይወት ታሪክ

አቶ ነገሬ ወዬሳ ከአባታቸው ከአቶ ወዬሳ ገረሱ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለማርያም ቦሩ በ1905 ዓ.ም. አስኮ አካባቢ ተወለዱ። ፊደል ቆጥረው ዳዊት ሊጀምሩ ሲሉ አባታቸው ስላረፉ፣ ትምህርቱን ትተው ኮልፌ አንድ ቆርቆሮ ሠሪ ዘንድ ገቡ። እዚያም ክዳን፣ ኩራዝና አሸንዳ መሥራት ተማሩ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ከአፋቸው ይልቅ መዶሻቸው ይናገር ነበር። ሰላምታ እንኳን በራስ ንቅናቄ ስለሚመልሱ ሰፈሩ ኩሩ ናቸው እያለ ሲያማቸው ኖሯል። ኩሩ አልነበሩም፤ ቃል ይቆጥቡ ነበር። ይህ ቁጠባ ምን እንዳስከፈላቸው በቦታው ይነገራል።

በ1930 ዓ.ም.፣ አገሩ በጣልያን እጅ ሳለ፣ የዚያው የኮልፌ ልጅ ከሆኑት ከዱሬቲ ደሜ ጋር ተጫጩ። ዱሬቲ በሰፈሩ ፈትላቸው የተመሰገነ፣ እርሳቸውም እንደ እጮኛቸው ወሬ የማያበዙ ነበሩ። ኑሮው ጠንቶ ስለነበር አቶ ነገሬ ለሠርጉ መደገሻ እንዲሆናቸው ጣልያኖች በሚያሠሩት የካሚዮን ጋራዥ ተቀጠሩ። ወደው ገቡ ብሎ መጻፍ ውሸት ይሆናል።

ካሚዮኖቹ ጭነት ይዘው ወደ አምቦ ሲወጡ ዳገቱ ላይ ውሃቸው እየፈላ ይቆማሉ። ጣልያኖቹ የሞተሩን ክዳን ኮፋኖ ይሉታል፤ የእኛ ሠራተኞች አሳጥረው ኮፈን አሉት። ሙቀቱ መውጫ ያግኝ ተብሎ አቶ ነገሬ የኮፈኑን የኋላ ጠርዝ፣ ከሾፌሩ መስታወት ፊት ያለውን፣ ከፍ እንዲያደርጉ ታዘዙና አደረጉ። ዳገት ላይ በዝግታ ሲሄድ ጥቂት ተሻለው። ሜዳ ላይ ሲፈጥን ግን ከበፊቱ ብሶ ፈላ። ሾፌሩ ጀይሉ፣ የልብ ወዳጃቸው፣ «አንተ ነገሬ፣ በር ከፈትክለት ወይስ ምድጃ ለኮስክበት?» እያለ ያበሽቃቸው ነበር።

መልሱን ያገኙት ከዱሬቲ ክር ነው። ቁርጥራጭ ክር በኮፈኑ ጠርዝ ላይ በሰም ለጠፉ፤ ጀይሉ ሲነዳ እርሳቸው ከፊት ጎማው በላይ ባለው ጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎው ላይ፣ ተጋድመው ተመለከቱ። ክሮቹ ወደ ውጭ በመብረር ፈንታ ወደ ውስጥ ተሳቡ። ለካ ነፋሱ መስታወቱን መትቶ ይመለስና በተከፈተው በኩል ይገባል፤ ከፊት በራዲያተሩ አልፎ የሚመጣው አየር ደግሞ መውጫ ያጣል። የኋላውን ዘጉት። በምትኩ የኮፈኑን ጎኖች እየሰነጠቁ የስንጥቁን ከንፈር ወደ ኋላ አጠፉ፤ ክር ለጥፈው አዩ፤ አልሆን ሲላቸው ሌላ ላሜራ ቀደዱ።

በ1931 ዓ.ም. መስከረም፣ ሥራው ሳያልቅ፣ ከአምቦ ወዲያ ወዳለ የመንገድ ሥራ ካምፕ ተወሰዱ። ዱሬቲ በጀይሉ በኩል ክር ይልኩላቸው ነበር። ክሩ ለኮፈን ከሚያስፈልገው በላይ ነበር፤ የተረፈውን አቶ ነገሬ በደረት ኪሳቸው ያኖሩት ነበር። ሁለት ዝምተኞች የሚነጋገሩት በዚያ ክር ነበር።

በ1932 ዓ.ም. ጥር ወር ካሚዮኑ ዳገቱንም ሜዳውንም ሳይፈላ ጨረሰ። ጀይሉ ግን በዚያ ሰሞን ወደ ደሴ መስመር ተዛውሮ ስለነበር፣ አቶ ነገሬ አንድ ቅቤ ነጋዴ አግኝተው «ለዱሬቲ፣ ኮፈኑ አልቋል፣ ከእንግዲህ ክር አትላኪ በልልኝ» አሉት። እመጣለሁ ማለታቸው ነበር። ጠብቂኝ የምትለዋን ቃል ግን አልጨመሩም፤ እንዲያው መቼም ይገባታል ብለው ይሆናል።

ነጋዴው ሆለታ ገበያ ሲቀር መልእክቱን ለሌላ መንገደኛ ሰጠ። ያ መንገደኛ አቶ ነገሬን አላየም፤ ኮፈን የሚባል ነገርም ሰምቶ አያውቅም። ሬሳ የሚጠቀለልበትን ከፈን ግን ያውቃል። ኮልፌ ደርሶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «ስለ ነገሬ ነው። ከፈኑ አልቋል፤ ከእንግዲህ ክር አትላኪ ተብለሻል» አለ።

በዚያ ዘመን የሄደ ሁሉ አይመለስም፤ ሄዶ መጠየቅም አይቻልም ነበር። ለቅሶ ተቀመጡ። ዱሬቲ እንዝርታቸውን ሰብረው ጣሉት። አቶ ነገሬ በበኩላቸው ሥራው ስላማረላቸው ብቻ፣ የቀሩትን ካሚዮኖች ኮፈን ሁሉ ካልቀደድህ አትሄድም ተብለው ካምፑ ውስጥ ቀሩ። ክር አትላኪ ያሉት ራሳቸው ናቸውና ክር ባይመጣ አልገረማቸውም። በ1933 ዓ.ም. ጥር ዱሬቲ በቤተሰብ ግፊት ተዳሩ።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ጣልያን ሲወጣ አቶ ነገሬ በእግራቸው መጡ። ከአጥር ማዶ ያዩአቸው ጎረቤታቸው ወይዘሮ ፋሪዳ «ያ ረቢ! ነገሬ፣ አንተ ሰው ነህ? አልቅሰን ቀብረንህ የለም እንዴ!» ብለው ጮኹ። ነገሩን ሁሉ የሰሙት ከእርሳቸው ነው። በማግስቱ የዱሬቲ ደጅ ድረስ ሄዱ፤ ዱሬቲ ነፍሰ ጡር ነበሩ። «እንኳን ደስ ያለሽ» ብለው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ አላለፉም።

ከነጻነት በኋላ ኮልፌ የላሜራ ቤት ከፍተው እስከ 1974 ዓ.ም. ሠሩ። የሚፈላ መኪና የያዘ ሾፌር ሁሉ ወደ እርሳቸው ይመጣ ነበር፤ ኪሳቸው ክር አይጠፋውም። ትዳር አልያዙም፤ ልጅ አልወለዱም። ምሳቸውን ብቻቸውን በሉ፤ በዓሉን ብቻቸውን ዋሉ። ወይዘሮ ዱሬቲ በ1962 ዓ.ም. ባላቸው ሲሞቱባቸው፣ ዘመድ አቶ ነገሬን አሁንስ ምን ይላሉ ብሎ ቢጠይቃቸው «አንዴ ተለቅሶልኝ የለ፤ ሴትዮዋን ሁለተኛ ላስለቅሳት?» ብለው ወደ መዶሻቸው ዞሩ። የሚያሳዝነው ከልባቸው ማለታቸው ነው።

ካለፈው መስከረም ጀምሮ የሳንባ ሕመም አልጋ ላይ ጣላቸው። በጥምቀት ሰሞን የእህታቸውን ልጅ ሰብሌን አስጠርተው ለወይዘሮ ዱሬቲ መልእክት ላኩ። ቃሉ እንዳይሳሳት ሁለት ጊዜ አስደገሟት፦ «አሁን ክር ላኪልኝ። ኮፈን አይደለም፤ ከፈን ነው።»

ወይዘሮ ዱሬቲ ከዚያ ለቅሶ ወዲህ ነክተውት የማያውቁትን እንዝርት ከጎረቤት ተውሰው ፈተሉ፤ ሸማኔም ሠራው። አቶ ነገሬ ጨርቁን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆዩ፤ የካቲት 9 ቀን 1978 ዓ.ም. በተወለዱ በ73 ዓመታቸው አረፉ። ዛሬ የተጠቀለሉት በእርሱ ነው።

ከኋላቸው እህታቸው ወይዘሮ ጉዲቱ ወዬሳ ከነልጆቻቸው ቀርተዋል። ወይዘሮ ዱሬቲ ደሜም ቀርተዋል፤ ስማቸው እዚህ እንዲገባ ቤተሰቡ ተስማምቷል። እግዚአብሔር በምድር ብቻቸውን የኖሩትን ወንድማችንን ብቸኝነት ከሌለበት ማኅበር ይደምርልን። ወይዘሮ ዱሬቲ ዛሬ ጠዋት ሬሳው ላይ ጎንበስ ብለው ያሉትን የሰማን ደግሞ አንረሳውም፦ «በዚያ ጠብቀኝ።»