ማሙሽ ሳሎን የሚገባበት መንገድ

ውድ ወንድሜ፣

«እኔ እናቴን በየማታው ነው የምጠይቃት፤ ልክ በሁለት ሰዓት ሳሎኗ እገባለሁ» ስትል በአክስታችን ልጅ ሠርግ ላይ ሰምቼሃለሁ። ከኋላህ ካለው ጠረጴዛ ተቀምጬ ነበር። ያነጋገርካት ሴትዮ «ልጅ ማለት እንዲህ ነው!» ብላ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። እኔም ቃልህን አመንኩ። ዜና አንባቢ ካልታመነ ማን ይታመናል?

ትናንት ደግሞ ደውለህ እሁድ ካሜራ ይዛችሁ እንደምትመጡ ነገርከኝ። የሥራ ዘመንህን የሚያወሳ ዝግጅት አለ አሉ። «እማዬ እኔን በቴሌቪዥን ስታይ ፊቷን መቅረፅ ብቻ ነው የምንፈልገው፤ ብዙ አንቆይም» አልክ። ቴሌቪዥኗ መጨለሙን ስነግርህ «ምኑ ነው የተበላሸው?» አልክና መልሱን ሳትሰማ ስልኩን ዘጋህ። ይኸው መልሱ። በየማታው የምትገባበትን በር ማወቅህም አይከፋም።

ሲጀመር፣ ብርሃኑ ያንተ አይደለም። ከጠፍጣፋው ቴሌቪዥን ጀርባ በረድፍ የተሰካኩ ትንንሽ አምፖሎች አሉ። ሥራቸው ነጭ ብርሃን መስጠት ብቻ ነው፤ አንተም መጣህ፣ የሳሙና ማስታወቂያ መጣ፣ ለነሱ አንድ ነው። ብርሃኑ በነጭ የፕላስቲክ ሉሆች እኩል ተበትኖ ወደ ፊት ሲመጣ ሁለት ስስ ወንፊቶች ይጠብቁታል። አንዱ ቁልቁል የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ፣ ሌላው አግድም የሚርገበገበውን ብቻ ያሳልፋል። ሁለቱን ብቻቸውን ብትተዋቸው አንዲት ጭላንጭል አታልፍም። አስታራቂ ያስፈልጋቸዋል።

አስታራቂው በሁለቱ መካከል፣ በመስታወት ውስጥ የተኛ ነገር ነው፤ ፈሳሽ ክሪስታል ይሉታል። ፈሳሽ ነው እንዳትል ተሰልፎ ይቆማል፤ ጠጣር ነው እንዳትል ይፈሳል። «እመጣለሁ» ብሎ ከማይመጣ፣ «አልመጣም» ብሎም ከማይቆርጥልህ ሰው ጋር ልታመሳስለው ትችላለህ፤ እኔ አላመሳሰልኩም። ኤሌክትሪኩ እንዳዘዘው ብርሃኑን ሲጠመዝዝለት ሁለተኛው ወንፊት ያሳልፋል፤ ሳይጠመዝዝ ሲተወው ያግዳል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው በሚሊዮን በሚቆጠሩ ደቃቅ መስኮቶች ውስጥ ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ሌላ ቀለም የለም። ያ የምትኮራበት ቢጫ ክራባት እዚህ ቤት ደርሶ አያውቅም። ቀዩና አረንጓዴው ተከፍተው ሰማያዊው ሲዘጋ «ቢጫ ነው» ብሎ የሚዋሸን የገዛ ዓይናችን ነው። ጥቁር ደግሞ የሚገኘው ሦስቱንም በመዝጋት ነው፤ ከኋላ ያለው አምፖል ግን ስለማይጠፋ ትንሽ ሾልኮ ያመልጣል። ፀጉርህ ሽበት ሽበት የሚለው ለዚህ ነው፤ ቀለም የምትቀባህን ልጅ አትቆጣት።

እንግዲህ እዚህ ሳሎን ውስጥ አንተ ማለት፣ የሌላ ብርሃን እዚህ ጋ ሲከለከል፣ እዚያ ጋ ሲለቀቅ የሚፈጠር ነገር ነህ። ቅር አይበልህ፤ የሳሙናውም ሰውዬ እንዲሁ ነው።

የእማዬ ቴሌቪዥን የተቃጠሉበት አምፖሎቹ ናቸው። ጠጋኙ መጣና የእጅ ባትሪ አብርቶ ወደ ጥቁሩ መስታወት አስጠጋ። መዳፍ በምታህል ቦታ የአንድ ሰው አፍንጫና ግማሽ ከንፈር ብቅ አለ። መስኮቶቹ ለካ በጨለማ ሲከፈቱና ሲዘጉ ኖረዋል! የባትሪው ብርሃን በፊት ለፊት ይገባል፣ ከኋላ ካለው ነጭ ሉህ ላይ ነጥሮ ሲመለስ ምስሉን ይዞ ይወጣል።

«ይኸው እማማ፣ ምስሉ እንዳለ ነው» አለ ጠጋኙ። «የጀርባውን መብራት ልቀይርልዎ፤ አዲስ ይሆናል።»

«እስቲ ባትሪውን ወዲህ በል።» ተቀብላው ወዲያ ወዲህ አለች። «ተወው አንተ ልጅ፣ አትንካው። ሁሉን ባንዴ ከማየት ይሄ ይሻለኛል። የፈለግሁትን ብቻ አያለሁ።»

«ኧረ ዓይንዎን እማማ!»

«እስካሁን ያየሁበት ምን ጠቀመኝ?»

ጠጋኙ እየሳቀ ባትሪውን ትቶላት ሄደ።

ከዚያ ወዲህ በየማታው በርጩማዋን ስባ መስታወቱ ሥር ትቀመጣለች። ባትሪዋን አብርታ ትፈልጋለች። ኮት ታገኛለች፣ ትከሻ ታገኛለች፣ ወደ ላይ ታቀናለች። ፊቱን ስታገኝ ትስቃለች። አቧራውን በሹራቧ እጅጌ ትጠርግለትና «እሺ ማሙሽዬ» ትላለች፤ በሕፃንነትህ አንተን ትጠራበት በነበረው ስም።

ይህን ስታነብ ጉሮሮህን እንደምትጠርግ አውቃለሁ። የካሜራ ባለሙያውም ይወደዋል፤ ጨለማ ሳሎን፣ አሮጊት፣ የእጅ ባትሪ። አልቅሶ ያስለቅሳል።

ብቻ ለካሜራ ባለሙያው አስቀድመህ ልትነግረው የሚገባ ነገር አለ። ያ ፊት ያንተ አይደለም። ካንተ በኋላ የአየር ጠባይ የሚናገረው ቀጭኑ ልጅ ነው። መጀመሪያ ዕድሜ ነው ብዬ «እማዬ፣ ይሄ እኮ ማሙሽ አይደለም» ብያት ነበር።

«መች ጠፋኝ!» አለች፣ ዓይኗን ከመስታወቱ ሳትነቅል። «ይሄ ‹ነገ ስለሚበርድ ልብስ ደርቡ› ይለኛል። ያኛው ስንት ሰው እንዳለቀ ነግሮኝ ነው ‹ደህና እደሩ› የሚለኝ።»

ስለዚህ እሁድ ካሜራውን ትተህ በበሩ ና። ከመንገዱ በስተቀኝ ነው፤ መያዣው ላልቷል፣ ገፋ ስታደርገው ይከፈታል። አጠገቧ ተቀመጥና ብርድ ብርድ ይላት እንደሆነ ጠይቃት። ሌላ ንግግር አታዘጋጅ።

ካሜራውን ይዤ ካልመጣሁ ካልክ ግን ሰዓት ምረጥ። ያንተ ዜና ላይ ባትሪውን ታጠፋዋለች። ድንጋዩ እንዳያልቅ ነው።

ታላቅ እህትህ፣
ከሳሎኑ