ሦስትን አንድ ላደረጉልን ሥራ አስኪያጅ

ብዕሩን የያዘው የመንደራችን መድኃኒት ቤት ባለቤት የዶና ኤርሚንያ እጅ ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ፣ ፊደል ያልቆጠርኩት የሰማንያ አንድ ዓመቱ፣ ከዛፍ ግንድ የጠርሙስ ቡሽ ላጭ የቦኒፋስዮ ካራፒሶ ነው።

ለክቡር ዶክተር ኤቫሪስቶ ፔኔዳ፣ ቡሻችንን በውል ለሚገዛን ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ፣ ሊዝበን፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የኩባንያዎ አክሲዮን በስድስት ቀን ሲሶው መርገፉን ጋዜጣ ላይ አንብበውልኛልና፣ የምግብ ፍላጎትዎ አብሮ እንዳልወረደ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ እዚህ አሌንቴዦ ገጠር ያለነው ደህና ነን፤ ዛፎቹም ጋዜጣ ስለማያነቡ ደህና ናቸው።

አንደኛ፣ ስለላኩልን መምህር አመሰግናለሁ። ባለ ከረባቱ ሰውዎ በጎረቤታችን በካዬታኖ መሸታ ቤት ቁጭ ብሎ አስረዳን፦ አቴና ላይ ገበያው ሲናወጥ፣ ገንዘባችን አንድ ዩሮ ስለሆነ፣ የግሪክን አክሲዮን የፈራ ባለሀብት የእኛንም አብሮ ይሸጣል፤ የእኛን ሲሸጥ ያየው ደግሞ የማድሪድን። ካዬታኖ «እኔ የአቴናን ሰው በዓይኔ አይቼው አላውቅ፤ ምን አገናኘን?» ቢለው፣ «ሻጩም እናንተን አያውቃችሁም፤ ጣጣው እሱ ነው» አለው። በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል የሚለውን ተረት ሰው ከረባት አስሮ ሲያስተምረው ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ሁለተኛ፣ እኔ የማነበው ቁጥር ብቻ ነው፤ ያውም ግንድ ላይ የተጻፈውን። የተላጠ ዛፍ የተላጠበት ዓመት የመጨረሻ ቁጥር በነጭ ቀለም ይጻፍበታል፤ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላውም በሕግ ምሳር አይነካውም። አያቴ የተከላቸውን አርባ አንድ ዛፎች በሁለት ሺህ ሦስት ልጬ «3» የጻፍኩባቸው በገዛ እጄ ነው። ዘንድሮ ሁለት ሺህ ዐሥር ነው። ውላችን «ዓመቱ ሲደርስ ኩባንያው ያስልጣል» ስለሚል፣ ሐሙስ ምሳዬን ስበላ ሰዎችዎ መጥተው «3» የተባለውን ሁሉ ፍቀው «1» ጻፉበት፤ በሁለት ሺህ አንድ የተላጠ አስመሰሉት። በአንድ ምሳ ሁለት ዓመት ያረጀ ዛፍ በዕድሜዬ አላየሁም፤ ጥበቡን ስላሳዩኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ኤርሚንያ «አጎቴ፣ ይቺን እንኳ ለስለስ እናድርጋት» ትለኛለች። ለስልሳለች፤ መጀመሪያ ያልኩትንማ አልጽፍም ብላለች።

መጋዘን ሙሉ ቡሽ አሳይተው የፈሩትን ባለሀብቶች ለማረጋጋት እንዳሰቡ ይገባኛል። የሰባት ዓመት ቡሽ ግን ጠርሙስ አይከድንም፤ ያለጊዜው የተገፈፈ ዛፍም ይደርቃል። የወደቀ ገበያ በመንፈቁ ይነሣ ይሆናል። የደረቀ ዛፍ ሲነሣ አላየሁም።

ሦስተኛ፣ ለሰኞ ላጮች እንድናሰማራ ያዘዙት ደርሶናል። በወረዳችን ለዚህ ሥራ ምሳር የሚይዙት ዐሥራ አንድ ናቸው፤ ሁሉንም ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ሰኞ ወገባቸውን እንደሚያማቸው ከወዲሁ ነግረውኛል። የመንግሥት ደን ጠባቂውም እርጥቡን ቀለም በጣቱ ነክቶ አይቶ መዝገቡ ላይ ጽፎ ሄዷል። ክቡርነትዎ ግን ይምጡ፤ ምሳር አውስዎታለሁ።

ከመሬት እጅ እየነሣሁ፣ ወገቡ ለጊዜው ደህና የሆነው ታዛዥዎ፣ ቦኒፋስዮ ካራፒሶ። (የአውራ ጣት አሻራ)

ማሳሰቢያ፦ አርባ አንዱንም ወደ ሦስት መልሻቸዋለሁ። ሰዎችዎ ረስተውት የሄዱትን ቀለም በፖስታ ልኬልዎታለሁ፤ የአክሲዮኑን ዋጋ ሰሌዳው ላይ ደስ ያለዎትን ያህል አድርገው ይቀቡት።

በይ ኤርሚንያ፣ አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ፤ የዘለልሽው ካለ ከድምፅሽ አውቃለሁ።