አፍዴራ መንገድ ላይ የቆምሁበት ቀን

አባዬ፣

ከተለየኸን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። አላህ ይዘንልህ። እስከ ዛሬ ያልጻፍሁልህ ረስቼህ አይደለም፤ አኩርፌህ ስለነበር ነው። የሞተ ሰው ይኮረፋል ወይ ብትለኝ፣ እኔ አኩርፌ ነበር።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ደረጃ ሲሆን ያስቸግራታል። በሐይቁ በኩል ያለውን የአጥር ቆርቆሮ ቀየርነው። ቱሪስት የምታመላልስበትን መኪናህን አልሸጥነውም። ሞተሩን አሳድሼ አሁን የምነዳው እኔ ነኝ። እማዬ ይህን ስትሰማ ሦስት ቀን አላናገረችኝም፤ ኋላ ግን ራሷ ስንቅ ቋጥራ ሸኘችኝ።

ባለፈው ወር ቱሪስቶች ይዘን አፋር በረሃ ወረድን። ጓደኛህ ጋሽ ሰይድ እንግዶቹን ጭነው ከፊት ይነዳሉ፤ እኔ ድንኳኑን፣ የማብሰያ ዕቃውንና ውሃውን ይዤ እከተላለሁ። ለመንገዱ አዲስ ስለሆንሁ ዓሊ የሚባሉ የአፋር ሽማግሌ ከጎኔ ተቀምጠዋል። የፊተኛው መኪና የጠበባት አንዲት አሮጊት ቱሪስት ደግሞ ከኋላ ነበረች።

ከሰዓት በኋላ አፍዴራን አልፈን ወደ ማደሪያችን ስንሄድ ነፋስ ተነሣ። አሸዋው መጀመሪያ የጋሽ ሰይድን መኪና ጋረደው፤ ቀጥሎ የጎማውን ዱካ አጠፋው። ስልክ አይሠራም። ዓሊም በዚህ ነፋስ አቅጣጫ መለየት አልቻሉም። ውሃው ሁሉ ያለው እኔ ጋ ነው፤ ከፊት ያሉት ስድስት ሰዎች የያዙት በእጃቸው ያለውን ጠርሙስ ብቻ ነው። ነድቼ ልደርስባቸው ቸኮልሁ። ግን መንዳት ስታስተምረኝ «ዱካ ከጠፋብሽ አትፈልጊው፤ ቁሚ። ሰው ተመልሶ የሚፈልግሽ መጨረሻ ያየሽ ቦታ ነው» ትለኝ ነበር። ሞተሩን አጠፋሁ።

አሮጊቷ እጄን ይዛ ታለቅሳለች። ውሃ በትንሽ በትንሹ እያጠጣሁ አረጋጋኋት፤ እኔን የሚያረጋጋ ግን አልነበረም። ብዙ ከቆየን በኋላ ዓሊ መስኮቱን እያዩ፣

«እዚሁ አካባቢ አባትሽ ሁለት ቀን ቆሟል» አሉኝ። «እንግዳ ታሞበት። እኔ ሰው ልጠራ በግመል ሄድኩ፤ እሱ ከታመመው አልተለየም። ልጄ ዛሬ ትመረቃለች እያለ ይቆጭ ነበር።»

አባዬ፣ የተመረቅሁ ዕለት አዳራሹ በር ላይ ቆሜ ስጠብቅህ ዋልሁ። ከቀናት በኋላ ቤት ስትመጣ «እንግዳ ታሞብኝ ነው» አልኸኝ። አላመንሁህም። ሥራህን ከእኔ አስበልጠህ ነው ብዬ አንድ ወር ሙሉ ሰላም ነሣሁህ። ኋላ ታረቅን እንጂ ነገሩ ከልቤ አልወጣም ነበር። ስንቀብርህ እንኳ ከልቅሶዬ ጋር አብሮኝ ነበር። አንተም ደግመህ ልታስረዳኝ አልሞከርህም።

ነፋሱ ጋብ ሲል ፀሐይ ልትጠልቅ ተቃርባ ነበር። በስተቀኝ የመኪና መብራት ታየኝ። ጋሽ ሰይድ ናቸው፤ መጨረሻ ወደተያየንበት ቦታ ተመልሰው መምጣታቸው ነው። የሰዎቹ ከንፈር ደርቋል እንጂ ሁሉም ደህና ናቸው። ጀሪካን አውርጄ ለሁሉም ውሃ ቀዳሁላቸው። ጋሽ ሰይድ ጠጥተው ሲያበቁ «ነድተሽ ብትሄጂ ኖሮ የት አገኝሽ ነበር?» አሉኝና ፊታቸውን አዞሩ። እኔ አሸዋው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። የሐዘን ልቅሶ አልነበረም፤ ስንት ዓመት የተሸከምሁት ነገር ነው የወረደልኝ።

ባሕር ዳር ስመለስ ዓሊ ያሉትን ለእማዬ ነገርኋት። «እኔማ ስንቴ ነገርሁሽ፤ አንቺ መች ትሰሚያለሽ» አለችኝ። ከዚያ ስላንተ ግትርነትና ስለኔ ግትርነት እያወራን ሣቅን። ካጣንህ ወዲህ ስምህን አንሥተን ስንሥቅ ይህ የመጀመሪያችን ነው።

ይቅር በለኝ፣ አባዬ። ጁምዓ ጁምዓ ዱዓ ሳደርግልህ ከእንግዲህ በሙሉ ልቤ ነው። አባትሽ ምን ዓይነት ሰው ነበር ለሚለኝ ሁሉ የታመመ ሰው ጥሎ የማይሄድ ነበር እላለሁ፤ ልጆች ብወልድም ይህንኑ ነው የምነግራቸው። አሁን የምቀየምህ ነገር የለኝም። የቀረኝ ናፍቆትህ ብቻ ነው።

ልጅህ
ዘይነብ