ማሽኑና የእታለም «በሞቴ»

ጥቅምት 6
ዛሬም ስልክ... ስልክ... ስልክ። ደንበኛ ሲጮህብኝ ዋለ። እታለም ከጎኔ ሆና አንዱን አኩራፊ ደዋይ እያባበለች፣ በቢሮው መልእክት ደግሞ ትጽፍልኛለች፦ «በሞቴ ምሳሽን ብዪ፣ ያንቺን ስልክ እኔ አነሳለሁ።» በሥጋ አልዛመዳትም። ግን ከእህት ምን ጎደላት? የጥሪ ክፍሉን ኃላፊነት ለእሷ እንደሚሰጧት ማንም አይጠራጠርም።

ጥቅምት 9
አለቃችን ሰበሰቡን። ከእንግዲህ የምንጻጻፈውን ማሽን ያነብበዋል። ሠራተኛ ሥራውን የሚወደው በምን እንደሆነ፣ ማን ሊለቅ እንዳሰበ ራሱ እየተማረ ይደርስበታል አሉ። ለእናንተው ጥቅም ነው አሉ። ለእኛ ጥቅም ሲባል ለምን ጆሮዬ ይቆማል?

ጥቅምት 21
እታለምን ኃላፊነቱን ከለከሏት። «ትንሽ ይቆይ» ብቻ። ማን አወራባት? ጥግ ላይ የሚቀመጠው ሳቂታ ከአለቃችን ጋር ሊፍት ውስጥ ሲንሾካሾክ አይቼዋለሁ። ሳቁ ድሮም አይጥመኝም። ሰላምታ ነፈግኩት።

ጥቅምት 24
ምስኪን ሳቂታ... በከንቱ ጠረጠርኩት። ነገር አመላላሹ ማሽኑ ነው።
አላስችል ብሎኝ አለቃችን ቢሮ ገባሁ። እታለም ምን አጠፋች? ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ኑሮ አስመርሯታል፣ ልትለቅም ነው አሉኝ። ከየት አመጡት? ራሷ ጽፋዋለች ብለው ስክሪኑን አዞሩልኝ። «ልሙትልሽ»... «አፈር ስሆን ቶሎ መልሺልኝ»... «በሞቴ»... ሁሉም በቀይ።
ሳቄ አመለጠኝ። «ይሄ እኮ ፍቅር ነው። እርስዎ ቤት በሞቴ አይባልም?»
አልሳቁም። ማሽኑን ለሚያሠለጥነው ባለሙያ ንገሪው አሉኝ።

ጥቅምት 25
ነገርኩት። እሱም እናቱ በሞቴ እያለች ያሳደገችው ልጅ ነው፤ ለማሽኑ ግን ሞት ያለበት ቃል ሁሉ ምሬት ነው ብሎ አስተምሮታል። ራሱን አከከ። አስተካክለዋለሁ አለ። ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ... ወይስ ብዙ ለፈለፍኩ?

ኅዳር 12
እታለም ኃላፊ ሆነች። ተቃቅፈን አለቀስን። አለቃችን ግን እኔን ለብቻዬ ጠርተው ማሽኑ ከተስተካከለ ወዲህ ያገኘውን አጫወቱኝ። እታለም በሞቴ ያለችው ሰው እምቢ አይልም፤ ቢመረውም አይለቅም። «ትልቅ ሀብት ነው» አሉ። እሷን ነው? ቃሉን ነው?

ኅዳር 28
ጠዋት ለሁላችንም መልእክት ገባ። «በሞቴ፣ እሑድ ሥራ ግቡልኝ።» ከእታለም።
ድሮ ቢሆን ሳላስብ እሺ እላት ነበር። ዛሬ ግን ደጋግሜ አነበብኩት። እሷ ናት ወይስ አጻፏት? ተነሥቼ ወንበሯ ድረስ ሄድኩ።
«ምነው?» አለችኝ።
«የራስሽ ነው?» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። እሷ ግን ገባት። ዓይኗን ሰበረች።
«አንቺ ቅሪ፣ አልቀየምሽም» አለችኝ በጆሮዬ።
እገባለሁ አልኳት። ለእሷ ብዬ ነው... ይመስለኛል።