አዲሱን ጎደሬ ስለ መቅመስ ለወንጌላዊ ወንድሜ

በሐዋሳ ከተማ ለምትገኘው ለተወደድከውና ለምትፈራው ወንድሜ ለወንጌላዊ ኢዮሲያስ፤

እንደ ጥቅምት ቡና የቀላ፣ እንደ ሚዛን ተፈሪ ዝናብ የማያባራ ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። ለመሆኑ ደህና ነህ ወይ? ጾም ስታበዛ የሚነሣብህ ጨጓራህስ ተሻለህ? ባለቤትህ ሚርያምስ እንዴት ከረመች? ልጃችሁ ሜሮንስ አደገች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን ነገር የለም፤ ምክርህማ ተርፎን ለጎረቤት እናካፍላለን። የእማዬ ጉልበት ዳገት ላይ ያማታል፣ ሜዳ ላይ ይተዋታል፤ ሚዛን ላይ ሜዳ ከየት ይምጣ እንጂ ደህና ናት።

በወረቀት የምጽፍልህ ወድጄ አይደለም። በስልክ ስናወራ መስመሩ የሚቋረጠው ሁልጊዜ የእኔ ተራ ሲደርስ ነው። አንተ አርባ ደቂቃ ስትመክር ኔትወርኩ እንደ ብረት ይጠነክራል፤ እኔ «ግን እኮ» ስል ሐዋሳ ላይ መብረቅ ይወርዳል። ወረቀት አይቋረጥም። ጎረቤታችን ባምላኩ አይሱዙውን ይዞ ወደዚያ ስለሚመጣ በእጅህ ሊሰጥህ ምሎልኛል፤ አንብበህ እስክትጨርስ ቆሞ እንዲጠብቅም አደራ ብዬዋለሁ። ስለዚህ አትቸኩል፣ ሻይ አዝዝለት።

ባለፈው ወር ለእማዬ የላክኸው የአሥራ አንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት ደርሶናል። እሷ ሦስት ጊዜ ሰምታዋለች፤ ድምፁን መቀነስ ስለማትችል ሰፈሩም አብሮ ሦስት ጊዜ ሰምቶታል። «አዲሱን ጎደሬ ልትቀምሱ ጋሽ ታፈሰ ደጅ ከሄዳችሁ የአረማውያንን በዓል አከበራችሁ፤ ብርሃን ከጨለማ ጋር ምን ኅብረት አለው?» ብለሃል። ጥያቄህ መልካም ነበር። እኛ ግን የምንሄደው በጠዋት ነው።

ሐዋሳ ቆይተህ ረስተኸው እንደሆነ፣ ይህ አረማዊ የተባለው በዓል ምን እንደሆነ ላስታውስህ። በአባቶቻችን ዘመን መለወጫ ቀን አዲስ የተቆፈረ ጎደሬ በረመጥ ተጠብሶ ይቀርባል። የቤቱ ሽማግሌ የተጣላው ዘመድ ካለ፣ ከዚያ ዘመድ ጋር አንዱን ጎደሬ ለሁለት ገምሰው እርስ በርስ ሳይጎራረሱ፣ ሽማግሌው ከዓመቱ ጎደሬ አይቀምስም። ቤተሰቡ ይበላል፤ እሱ ያያል። እንግዲህ ጋሽ ታፈሰ፣ የገዛ እናታችን ታላቅ ወንድም፣ ጎደሬ ጓሯቸውን ሞልቶ እያዩ ሰባት ዓመት ከሱቅ በተገዛ መኮሮኒ ኖረዋል። ለእምነቱ ሲል ሰባት ዓመት መኮሮኒ የበላ ሰው ከመካከላችን ካለ እጁን ያውጣ።

ጸቡን ማን እንደጀመረው እኔ ነኝ የማስታውስህ? አባታችን የተቀበረ ቀን ጋሽ ታፈሰ በቅላቸው ጨሞ፣ ያንን ከቡና ቅጠል የሚፈላውን መጠጥ፣ ይዘው መጡ። እንደ ወጉ ከመቃብሩ አጠገብ ጠብታ ሊያፈሱ ጎንበስ ሲሉ፣ ተጠምቀህ ገና ሦስት ወር ያልሞላህ አንተ ቅሉን በእግርህ መታኸው። ቅሉ ተሰነጠቀ። እሳቸው ቅሉን ከመሬት አነሡት። እማዬ ግን በሐዘንተኛው ሁሉ ፊት «ልጄ ልክ ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ ወንድምና እህት ገበያ ላይ ሲገናኙ አንዱ ቲማቲም፣ አንዷ ሽንኩርት እያዩ ይተላለፋሉ።

ዘንድሮ ጋሽ ታፈሰን ደረታቸው ክፉኛ ያስላቸዋል። ልጃቸውን ቲጂን ላኩብን፤ «ይህ ደረት ለከርሞ የሚያደርሰኝ አይመስልም። እህቴ ትምጣና ልቅመስ። ባትመጣም አልቀየማትም፣ ግን ሳልቀምስ እሞታለሁ» አሉ። እማዬ በአንድ ጆሮዋ ይህን ሰማች፣ በሌላው ያንተን አሥራ አንድ ደቂቃ። በዚያው ሳምንት እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «ጎደሬ ቅምሻ ላይ የተገኘ ከጌታ እራት ይታገዳል» የሚል ማስታወቂያ ተነበበ። እማዬ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከጌታ እራት የቀረችው አንተንና እኔን የወለደች ሰሞን ብቻ ነው። ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። እኔ ጾም መስሎኝ ነበር፤ ለካ ጭንቀት ነው።

እኔም ጉዳዩን በጥልቀት ለመመርመር ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የመረመርኩት ያንተን ፌስቡክ ነው። ለገና ሳሎናችሁ ውስጥ የፕላስቲክ ጽድ ቆሟል፤ ቅርንጫፉ ላይ ጥጥ ተበትኗል፤ በረዶ መሆኑ ነው። ወንድሜ ሆይ፣ ሐዋሳ ላይ በረዶ የወረደው መቼ ነው? እረኞቹስ ጽድ ተሸክመው ነው ወደ ግርግሙ የሄዱት? ሜሮን አራት ዓመት ሲሞላት ሻማውን እፍ ስትል አንተ ከሁሉ አስበልጠህ ታጨበጭባለህ። የሻማውን አያት ማንነት ጠይቀህ ታውቃለህ? ጣትህ ላይ ያለውስ ቀለበት፣ ሲጠመቅ ያየ ምስክር አለ? ነገሩን ሳሰላስለው እንዲህ ሆኖ አገኘሁት፦ የባሕር ማዶው አረማዊ መንገድ ላይ ንስሐ ገብቶ ነው የሚደርሰን፤ የራሳችን አያት ግን ከጓሮ ጎደሬ ይዞ ሲመጣ ጋኔን ነው።

እትዬ ወለተሥላሴን ጠየቅኳቸው። ጎረቤታችን የጎንደሯ፣ ታውቃቸው የለም? «እኛ ለመስቀል ችቦ ስናበራ፣ ችቦን ማን ጀመረው ብለን አንጨነቅም፤ የምናበራው ለማን እንደሆነ ካወቅን ይበቃናል» አሉኝ። እሳቸውን ታስተምራቸው ዘንድ ስልክ ቁጥርህን ልሰጣቸው ነበር፤ ኋላ ላንተ አዘንኩልህ።

ደግሞም ሁሉም ይመለስ አላልኩም። ጠንቋይ ደጅ መንበርከኩን፣ ደም መርጨቱን እማዬ ጥላዋለች፤ ጋሽ ታፈሰም ከተዉት ስንት ዘመናቸው፤ እኔም አላነሣውም። የቀረው ጎደሬና ይቅርታ ነው። ከሁለቱ የሰይጣን የትኛው ነው? ጎደሬው ከሆነ እኛ በየቀኑ እንበላዋለን። ይቅርታው ከሆነ፣ ሰይጣን ይህን ያህል ደግ መሆኑን እስከ ዛሬ አልሰማሁም ነበር።

አባታችን ስምህን ያወጣልህ ከመጽሐፈ ነገሥት ነው። ንጉሥ ኢዮሲያስ የኮረብታ መስገጃዎችን አፈረሰ፣ ጣዖታቱን አቃጠለ፤ ይህንን በቃልህ ትወጣዋለህ። ምዕራፉን ግን ጨርሰው እንጂ! አመዱን አራግፎ ሲያበቃ ሕዝቡን ሁሉ ለፋሲካ በዓል ጠራ። አንተ የማፍረሱን እኩሌታ ወስደህ የግብዣውን እኩሌታ ለማን ተውከው?

እንግዲህ የሆነውን ስማ። ቅዳሜ ጠዋት እማዬ መጽሐፍ ቅዱሷን በፌስታል ጠቅልላ ተነሣች። «እሄዳለሁ፣ ግን አጥር አልገባም። ከውጭ ቆሜ እጸልይለታለሁ» አለች። አስፋልቱ እስከሚያልቅ በባጃጅ፣ ከዚያ ወዲያ በጭቃው በእግር ሄድን። እንዳለችውም አጥሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ጋሽ ታፈሰ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ በየሦስት እርምጃው እያሳሉ ብቅ አሉ። አዩዋት፣ አየቻቸው። ቲማቲም የለ፣ ሽንኩርት የለ። «እህቴ፣ ይህን አጥር የሠራሁት ለከብት ነው» አሏት። ገባች።

ገና ሳንቀመጥ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ታላቅ ሰው ማስታወሻ ደብተር ይዞ ከተፍ አለ። ስሙን አልጠቅስም፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሰብሳቢ ነው፣ ሲሞን ይባላል። «ለመታዘብ ነው የመጣሁት» አለ። ዳገቱ አድክሞት፣ ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። ቲጂም ታዛቢ ነው ብላ አላስጠማችውም፤ ትኩስ ጨሞ በቅል ሰጠችው። ተቀበለ። ከንፈሩ ሳያደርስ ግን እጁ፣ ያ ስንት የእገዳ ደብዳቤ የፈረመው እጁ፣ ዘንበል አለና ከበሩ ምሰሶ ሥር ለአያቶች የምትሰጠዋን ጠብታ ጠብ አደረገ። ልክ አባቱ ሲያደርጉት እንደነበረው። እጁ ኮሚቴውን አላስፈቀደም።

ሲሞን እጁን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ያየው ጀመር። እኔ ምን ልል እንደነበር አንተ ታውቀዋለህ፤ አፌን ከፍቼም ነበር። እማዬ ቀደመችኝ። «ጠጣ ልጄ፣ ሳይበርድብህ» አለችው። ጠጣ። ሁለተኛም ተቀዳለት።

ከዚያ ጎደሬው መጣ። እማዬ በሁለት እጇ ይዛ በኢየሱስ ስም መጸለይ ጀመረች፤ ከዝናቡ ጀምራ እስከ መንግሥት ባለ ሥልጣናት ደረሰች። ጋሽ ታፈሰ ታግሰው ታግሰው «አሜን፤ ጌታሽ ትኩስ ጎደሬ አይወድም እንዴ?» አሏት። ሳቀች ወንድሜ! አባታችን ከሞተ እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም። ገመሱት፤ ተጎራረሱ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ጊዜ አኘኩ። እንባቸው ወረደ። «ትንሽ ጥሬ ነው» አሉ፤ ሌላ ጨምሩልኝም አሉ።

በማግሥቱ ኮሚቴው ጠራን። እማዬን ንስሐ ግቢ አሏት። እሷ፣ በስብሰባ ተናግራ የማታውቀዋ ሴት፣ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። «መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ተብሏል። እኔ ሄድኩ፣ ታረቅኩ፣ ይኸው ተመለስኩ። መባዬን አንቀበልም ካላችሁ ለእኔ ሳይሆን ለማቴዎስ ንገሩት» አለቻቸው። ሰብሳቢው የታዘበውን እንዲያነብ ተጠየቀ። ደብተሩን ገለጠ፤ ባዶ ነው። «ዝናብ አጥቦት ነው» አለ። ቅዳሜ ጠብ ያለ ነገር ቢኖር የእሱ ጨሞ ብቻ ነበር። እኔም ዝም አልኩ፤ እኔ ዝም ስል ምን ያህል እንደሚያመኝ ታውቃለህ። የእማዬ ጉዳይ «ለተጨማሪ ጸሎት» ተላለፈ። እኔ ግን ስለ ምላሴ ስድስት ወር ከኳየር ታግጃለሁ። ንስሐ ግቢ ተብያለሁ፤ አልገባም። ከርሞም እሄዳለሁ። እስከዚያው ልብስ እያጠብኩ እዘምራለሁ፤ ሰፈሩ ስለ ድምፄ ከኮሚቴው ጋር ይነጋገር።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ጋሽ ታፈሰ ስላንተ ጠየቁኝ። ይወቅሱሃል ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ከግድግዳው ላይ አንድ ቅል አውርደው አሳዩኝ። ያ ቅል ነው። ስንጥቁን ከአፍ እስከ ሆዱ በክር ሰፍተውታል። ውስጡ አንድ የተጠበሰ ጎደሬ አለ፤ የአንተ ድርሻ ነው። ጎደሬ አይቆይምና ቅዳሜ ቅዳሜ አውጥተው በአዲስ ይለውጡታል። «በዚህ ሁኔታ ጨሞ ይይዛል?» አልኳቸው። «ካልረገጡት ይይዛል» አሉኝ።

እና ና። ስብከት አታዘጋጅ። ገና ሳይደርስ፣ ጽዱንም ጥጡንም ለሚርያም ትተህ ና። በኢየሱስ ስም ጸልይበት፤ እንደ እማዬ ብታስረዝመውም ይታገሡሃል። እኔ የምፈራው አያቶችን አይደለም፤ የምፈራው እሳቸው ጎደሬውን የማይለውጡባትን ቅዳሜ ነው።

በል፣ ሚርያምን አቅፈህ ሳምልኝ። ለሜሮን አክስትሽ የጓሮ ሸንኮራ አስቀምጣልሻለች በላት። ለአከራያችሁም፣ የድምፅ መልእክትህን በግድግዳ ሲሰሙ ለኖሩት፣ እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥልኝ በልልኝ። እማዬ ጉንጭህን ትስማለች፤ ቲጂና እትዬ ወለተሥላሴ ሰላም ብለውሃል፤ ሲሞንም ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ሰላም ብሎሃል። ለቀኝ እግርህ ደግሞ ለብቻው ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ወደ ጋሽ ታፈሰ ቅል የሚወስደውን መንገድ እሱ ያውቀዋል።

ታናሽ እህትህ ህሊና
ሚዛን ተፈሪ
ጥቅምት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.