የድጋፍ ደብዳቤው በልጄ ሳይሆን በእኔ ስም እንዲጻፍልኝ

ቀን፦ ጥር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለዋርካው ሥር ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ለአቶ ሽመልስ
ሐዋሳ

ጉዳዩ፦ ለውጭ አገር ኢንተርንሺፕ የድጋፍ ደብዳቤ በራሴ ስም እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

ናይሮቢ ተቀበሉኝ! ይቅርታዎን ክቡር ኃላፊ፤ ሰላምታ መቅደም እንዳለበት አውቃለሁ፣ ግን ከአፌ አልቆይ አለኝ። እንደምን ሰነበቱ? ጥምቀትንስ እንዴት ዋሉ?

እኔ ሽታዬ ጉልላት፣ የ47 ዓመት ሴት፣ የሰፈራችን እድር እቃ ቤት ኃላፊ፣ በማኅበረሰብ ልማትና በሰላም ግንባታ ላይ በሚሠሩ ሁለት የናይሮቢ ድርጅቶች ዘንድ ከመጋቢት ጀምሮ ለስድስት ወር ኢንተርን፣ ማለትም የሥራ ተለማማጅ ሆኜ እንድሠራ ተመርጫለሁ። የቀራቸው ነዋሪነቴንና በእድሩ የሠራሁትን የሚያረጋግጥ የቀበሌ ደብዳቤ ብቻ ነው። እስከ ዓርብ ጥር 22 ካልደረሳቸው ቦታዬ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

1. ማመልከቻዬን ጥር 5 ቀን ለሠራተኛዎ ለአቶ ናትናኤል ሰጠሁ። ልጁ ትሑት ነው፣ አልዋሽም። «እትዬ ሽታዬ፣ ሐሙስ ብቅ ይበሉ» አለኝ። ሐሙስ ስሄድ ደብዳቤው ተፈርሞ፣ ማኅተም አርፎበት ጠበቀኝ። እልል ልል አፌን ከፍቼ ሳነበው «ወ/ት ቤተልሔም» ይላል። ልጄ ናት! ስሟን ከቤተሰብ ቅጻችን ላይ ፈልጎ አውጥቶ ነው። «ኢንተርን ማለት እኮ ወጣት ነው፤ ለልጅዎ ሊያስፈጽሙ የመጡ መስሎኝ» አለኝ። ልጄ ፒያሳ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፣ የትም የመሄድ ሐሳብ የላትም። ስነግራት «እማዬ፣ እኔን ደግሞ ከየት አመጡኝ?» ብላ ስትስቅ ዋለች። ደብዳቤውን ከዚህ ጋር አያይዤ መልሻለሁ።

2. ስህተት በማንም ይደርሳል፤ በዚህ አልቀየምኩም። ይታረምልኝ ብዬ ወደ እርስዎ ቢሮ ስገባ ግን «በዚህ ዕድሜ ልምምድ? የሥራ ልምድ ማስረጃዎ የታል? የእድር ወረቀት ማስረጃ አይሆንም፤ ይልቅ ልጅዎን ይላኩ» ተባልኩ። ይህን ግን ክቡርነትዎ፣ አልቀበልም። ዕድሜዬን የጠየቀኝ ናይሮቢ አይደለም፣ የገዛ ቀበሌዬ ነው።

3. ልምዴ ይኸውልዎ። እድራችን አምና በዳኛ ምርጫ ተጣልቶ ለሁለት ሲሰነጠቅ ንብረት ይካፈል ተባለ። ወንበሩም ድስቱም ተካፈለ፤ ድንኳኑ ግን አንድ ነው። ቁልፉ በእጄ ስለነበር ብረቱን ለወ/ሮ አስማ ወገን፣ ሸራውን ለአቶ በላይነህ ወገን ሰጠሁ። «ሽታዬ ለየላት! ሸራ ብቻውን ምን ይሠራልናል፣ ልንለብሰው ነው?» ብለው ዘለፉኝ። ሐምሌ ላይ የወ/ሮ አስማ አማት አረፉ። ብረቱ በግቢው ባዶውን ቆሞ፣ ለቀስተኛውን ዝናብ ሲቀጠቅጠው አቶ በላይነህ ማንም ሳይጠራቸው ሸራውን በትከሻቸው ተሸክመው ገቡ። ወ/ሮ አስማ ራሳቸው ተነሥተው ገመዱን ያዙላቸው። ከዚያ ወዲህ ድንኳኑም እድሩም አንድ ነው። እርስዎም እኮ ነበሩ፣ አቶ ሽመልስ! ከዚያው ሸራ ሥር ዝናቡን ተጠልለው አይቼዎታለሁ። ናይሮቢዎቹ በስልክ ሲጠይቁኝ በዚያች በተሰባበረች የአሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ የነገርኳቸው ይህንኑ ነው። እነሱ ሰምተው መረጡኝ፤ እርስዎ በዐይንዎ አይተው እንዴት ይከለክሉኛል?

4. ስለዚህ ነዋሪነቴና የእድር ሥራዬ ተገልጾ፣ ደብዳቤው በሽታዬ ጉልላት ስም ከዓርብ ጥር 22 በፊት እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ውለታ አይደለም የምለምነው። ከነገ ጀምሮ በየጠዋቱ ከበርዎ አግዳሚ ላይ ያገኙኛል፤ ሹራብ እሠራለሁ፣ ማንንም አልረብሽም፣ ግን አልነሣም። ልጅዎን ይላኩ ያሉኝም ይስሙ፦ ልጄን ወልጄ አሳድጌያለሁ፣ አሁን ተራው የእኔ ነው።

ከልብ ሰላምታና ከማይታጠፍ ጥያቄዬ ጋር

ሽታዬ ጉልላት
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለአቶ በላይነህ እና ለወ/ሮ አስማ
ሰኞ ጥር 25 የነነዌ ጾም ስለሚገባ ደስታዬን ከዚያ በፊት እናድርገው። ሸራውንም ብረቱንም አውጡልኝ። ደብዳቤው ከተሰጠኝ ድንኳኑ የሚተከለው በእኔ ግቢ ነው፤ ካልተሰጠኝ በቀበሌው ደጅ። አቶ ሽመልስና አቶ ናትናኤል በሁለቱም ቦታ ተጠርተዋል። የሚቀር እንዳይኖር፣ እሑድ ጥር 24 ቀን፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት።